ሦስተኛዋን አትንኩ

ሰኞ፣ ሰኔ 23 ቀን 2017

አዲሱ ሰርቨር በመጨረሻ መጣ። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከሁለት ፍራሽ ጋር ጣሪያ ላይ ታስሮ! መናኸሪያ ሄጄ ስቀበለው ረዳቱ "እህቴ፣ ፍሪጅ ነው እንዴ?" አለኝ። አዎ ፍሪጅ ነው ብዬ በባጃጅ ቢሮ አስገባሁት።

ይህን ደብተር የጀመርኩት በጋሼ ሸዋንግዛው ትእዛዝ ነው። "የምትሠሪውን በእጅሽ ጻፊ፤ ማሽን ቢጠፋ ወረቀት ይተርፋል" ይላሉ። የቴክኒክ ክፍላችን ኃላፊ ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የመዘምራን መሪያችን። ከኮሌጅ ወጥቼ አንድ ዓመት ሙሉ ታቦር ሰፈር ያለው ቤታችን በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ እጄን ይዘው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነኝ።

ሥራው ይህ ነው። ድርጅታችን ለሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሆቴሎች፣ ለክሊኒኮችና ለትምህርት ቤቶች ኢንተርኔት ያከፋፍላል። እስካሁን እያንዳንዱን ፓኬት፣ የመረጃ ቁራጭ ማለት ነው፣ የሚያሳልፈው የማሽኑ ዋና ሥርዓት ሊኑክስ ራሱ ነው፤ ደንበኛ ሲበዛ ይንቀራፈፋል። አሁን ፖርቶቹን፣ የኬብል መሰኪያዎቹን፣ ከሊኑክስ እጅ አውጥተን ለአንድ ፈጣን ፕሮግራም እናስረክባለን። መጀመሪያ ከሜሞሪው ሰፋ ያለ ቦታ ይያዛል፣ ቀጥሎ ፖርቱ ከሚያንቀሳቅሰው ከቀድሞ ፕሮግራሙ፣ ከድራይቨሩ፣ ይላቀቅና ከአዲሱ ጋር ይታሰራል። አንዴ ከተላቀቀ ሊኑክስ አያውቀውም። ስሙ ከዝርዝሩ ይጠፋል።

ማሽኑ ላይ ሦስት ኬብል ይሰካል። አንደኛዋ ፖርት ኢንተርኔቱን ታስገባለች፣ ሁለተኛዋ ወደ ደንበኞች ታወጣለች። ሁለቱም ይላቀቃሉ። ሦስተኛዋ የእኛ በር ናት፤ ከጠረጴዛችን ሆነን ወደ ማሽኑ የምንገባው በሷ ስለሆነ እሷ አትነካም።

ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ሙሉጌጥ "ይህን በሰላም የጨረሰ ከመስከረም ጀምሮ የክፍሉ ምክትል ነው" አሉ። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ኦሊያድም አየኝ። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው፤ አስተያየቱን ግን አልወደድኩትም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ጉድ ሆንኩ! ፖርቶቹን ሳላቅቅ ቁጥር ተሳስቼ ሦስተኛዋን፣ ራሴ የገባሁባትን፣ አላቀቅኳት። ስክሪኑ ድርቅ አለ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን ከውጭ እንደመዝጋት ነው። ሞኒተርና ኪቦርድ ታቅፌ በዚያ ዝናብ ማዶ ሕንፃ ወዳለው ሰርቨር ክፍል ሮጥኩ።

ጋሼ ሸዋንግዛው ክፍሉን ከፈቱልኝና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። "አይዞሽ፣ እኔም በጊዜዬ ሦስቴ ተቆልፎብኛል" አሉኝ። ከዚያ ሁለት ሕግ አወጡ። አንድ፦ "ሥራው እስኪያልቅ ይህን ማሽን ከአንቺ በቀር ማንም አይነካም፤ ሙሉ ፈቃድ የሚኖረውም የአንቺ ስም ብቻ ነው።" ሁለት፦ "የማሽን ሰዓትና የሰው ሰዓት አትደባልቂ። ማሽኑ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። ሪፖርት ላይ ስትጽፊ ወደ እኛ መልሺው፣ ጠዋት ወይ ከሰዓት ብለሽም ጨምሪበት። አለበለዚያ ሰው ይሳሳታል።"

ፕላስተር ቆርጬ "ሦስተኛዋን አትንኩ" ብዬ ማሽኑ ግንባር ላይ ለጠፍኩ። "አትንኩ የምትይው ራስሽን ነው?" አለ ኦሊያድ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ማሽኑ ሲነሳ ፖርቶቹን በራሱ እንዲያስረክብ የሚያዝዘውን ፋይል ዛሬ ጨረስኩ። አንደኛዋና ሁለተኛዋ ብቻ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መመሪያውንም ጻፍኩ፤ ሠላሳ አንድ ገጽ!

ልወጣ ስል ጋሼ ሸዋንግዛው ጠሩኝ። "እግዜር አያድርገውና ብትታመሚስ? አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ፓስወርድ አደጋ ነው።" እውነታቸውን ነው። የእኔ ፓስወርድ ሃያ ሁለት ፊደል ስለሆነ በቃል አይያዝም። በቁራጭ ወረቀት ጻፍኩላቸው። አጠፉት፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዚፑን ከፍተው መዝሙረ ዳዊት መሀል ከተቱት። "ከዚህ የተሻለ ካዝና የት አለ?" አሉ። ሳቅን።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

የሶፍያ ኒካህ ነበር። እነሶፍያ መናኸሪያ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላቸው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ጎረቤቴ ናት። ከማለዳ እስከ ምሳ ሴቶቹ ድንኳን ውስጥ ሳስተናግድ ዋልኩ። ቦርሳዬን እህቴ ሜሮን ይዛልኝ ስልኬን እንኳ አላየሁም። ሶፍያዬ እንዴት አምራ ነበር!

ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ ገባሁ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሰርቨር ክፍል ብቻዬን፤ ኬብል ስቆጥር፣ ፍጥነት ስለካ። በር ላይ ያገኘሁት ኦሊያድ "ጠዋት ባለአክሲዮኖቹ መጥተው ነበር፤ ጋሼ ማሽኑን ሲያስጎበኙ ነበር" አለኝ። እኔ ሳልኖር! ትንሽ ቅር አለኝ። ትንሽ ብቻ።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት፣ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ሳይገባ፣ ደንበኞቹን ሁሉ ወደ አዲሱ ማሽን አዛወርን። ይበራል! ጮህኩ። አጥፍተን እናስነሳውና እንፈትነው ብል ጋሼ ሸዋንግዛው "የሚሠራ ነገር አይነካካም፤ መዝሙር ይረፍድብናል" አሉ። በአንድ ባጃጅ ሄድን።

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ጠዋት 2:50 መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ ዘገየ። ማሽኑ ጠፍቶ ተነሳ።

ደንበኛ የለም። አንድም። ከጠረጴዛችንም መግባት አይቻልም።

የሰርቨር ክፍሉ ቁልፍ ጋሼ ሸዋንግዛው ጋ። ስልካቸው አይነሳም።

ሜሮን ከሆቴሏ ደወለች፤ እንግዳ መቀበያ ላይ ናት። "ዕፀዬ፣ ስብሰባ ያለው ሰው ሁሉ እኔ ላይ እየጮኸ ነው!" ክሊኒኩ ደወለ። የላብራቶሪ ውጤት አልደረሳቸውም፤ አንዲት እናት የታመመ ሕፃን ታቅፋ እየጠበቀች ነው። ለእሷ ምን ልበላት?

4:30 ላይ ጋሼ ሸዋንግዛው መጡ። ከፈቱ። ሞኒተር ሰካሁ። ፋይሉ ውስጥ ሁለተኛዋ ፖርት የለችም። በቦታዋ ሦስተኛዋ ተጽፋለች።

አስተካከልኩ። 5:10 ሁሉም ተመለሰ።

እኔ ነኝ? እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ስብሰባው ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ጋሼ ሸዋንግዛው የማሽኑን መዝገብ አይተው የጻፉት አንድ ገጽ ሪፖርት ተነበበ። "ፋይሉ የተቀየረው ቅዳሜ ሐምሌ 5 ቀን፣ 10:19 ላይ፣ በዕፀገነት ስም ነው።"

ወይዘሮ ሙሉጌጥ መነጽራቸውን አወለቁ። "ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?"

"ሰርቨር ክፍል።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

ምን ልበል? ነበርኩ። ፋይሉን መንካቴ ትዝ አይለኝም፤ ግን ሰኔ 26ም ሦስተኛዋን ያላቀቅኳት ሳላውቀው ነው። አንድ ጊዜ የሠራሁትን ሁለተኛ ጊዜ አልሠራም ብዬ በምን አፌ እከራከራለሁ? ጋሼ ሸዋንግዛው "ልጅቷ ሠርግ ውላ ደክሟት ነበር፤ እባካችሁ አታስጨንቋት" አሉልኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። እንዲህ ያለ አለቃ የት ይገኛል እያልኩ ወጣሁ።

ማታ ለሜሮን ነገርኳት። ታናሼ ናት፣ ምላሷ ግን የታናሽ አይደለም።

"ፓስወርድሽን ማን ያውቀዋል?" አለችኝ።

"ማንም።"

"ማንም?"

"ማለቴ ጋሼ ሸዋንግዛው ብቻ።"

"ታዲያ ማንም ነው የሚባለው?"

አፍሽን ያዢ አልኳት። እራቴንም ትቼ ተነሳሁ። ሰው ክፉ ማሰብ ሲጀምር ማቆሚያ የለውም። ሕጉን ያወጡ ሰው ሕጉን አይጥሱም። አሁን ስጽፈው ራሱ አፈርኩ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ኦሊያድ ነው። እሱ መሆን አለበት። ምክትልነቱን ይፈልገዋል፤ ከኋላዬ ቆሞ ስጽፍ አይቶ ይሆናል። ለጋሼ ሸዋንግዛው ሹክ አልኳቸው። ከዚያ "እኔ እከታተለዋለሁ፤ አንቺ ለማንም አታውሪ" አሉኝ።

ከዚያ አንድ ወረቀት አቀረቡልኝ። "ስህተቱ የእኔ መሆኑን አምናለሁ" ይላል። "ይህን ከፈረምሽ በማስጠንቀቂያ ያልፋል። ካልፈረምሽ ወደ ቦርድ ይሄዳል፣ ያኔ እኔም አላድንሽም። ልጄ፣ ለአንቺ ብዬ ነው" አሉ።

ልጄ አሉኝ። ፈረምኩ።

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

በማስጠንቀቂያ አላለፈም። የታገድኩበት ደብዳቤ ጠዋት ደረሰኝ። ነሐሴ 10 ቦርዱ ስንብቴን ይወስናል፤ "በራሷ ፊርማ ባመነችው ጥፋት" ይላል። ይህ ከፋይሌ ጋር እየተከተለኝ የትኛው ቢሮ ይቀጥረኛል? ጋሼ ሸዋንግዛውን ደውዬ ብጠይቃቸው "ከእኔ አቅም በላይ ሆነ" አሉና ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርክ ይሆናል።

ከሰዓት ኦሊያድ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። የእኔ መመሪያ፣ ሠላሳ አንዱም ገጽ፣ በጥሩ ወረቀት ታትሞ ለባለአክሲዮኖቹ ታድሏል። ሽፋኑ ላይ፦ "አዘጋጅ፦ ሸዋንግዛው።" ገጽ አራት ላይ "ሦስተኛዋ እንደ አማት ናት፤ አትነካም" ያልኩት ቀልዴ እንኳ አልወጣም።

ኃላፊ ስለሆኑ በክፍሉ ስም አድርገውት ይሆናል። ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ስምንት ቀን ምንም አልጻፍኩም። ምን ይጻፋል? ልብስ አጠብኩ። ሐይቁ ዳር ሄጄ ሰው ዓሣ ሲበላ አየሁ።

ዛሬ ሶፍያ የኒካሁን ፎቶዎች ላከች። እኔና ሜሮን ከሙሽራዋ ጋር፤ እኔ አንገቴን አጣምሜ እስቃለሁ። ከፎቶው ሥር ስልኩ ሰዓቱን ጽፎታል፦ 10:22።

ሜሮን አየችው። "አሥር ሰዓት? አሥር ሰዓት ላይማ አንቺ ሥራ ነበርሽ። ይህ እኮ ጠዋት ነው፣ ገና ምሳ አልቀረበም።"

"ስልክ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው" አልኳት። "በእኛ አራት ሰዓት ከሃያ ሁለት ነው።"

ይህን ራሴ ተናገርኩና እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

10:19። የማሽኑ መዝገብ ነው። ማሽን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው! ፋይሉ የተቀየረው ቅዳሜ ጠዋት፣ በእኛ አራት ሰዓት ከአሥራ ዘጠኝ ላይ ነው። እኔ ድንኳን ውስጥ ትሪ ይዤ! ባለአክሲዮኖቹ በተሰበሰቡበት ሰዓት! በአማርኛ ሪፖርት ላይ "10:19" ብለህ ጠዋት ወይ ከሰዓት ሳትል ከተውከው፣ ሐዋሳ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ከቀኑ አሥር ሰዓት ብሎ ነው የሚያነበው። እኔም እንደዚያ አነበብኩት። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። አንዲት ቃል ብቻ ናት የጎደለችው፤ እንዳትረሺ ብለው ያስተማሩኝ ቃል።

ይህን ሥራ ከሚያውቁ ሰዎች ሁሉ፣ ይህን ቃል ሊረሱ የማይችሉ አንድ ሰው ናቸው።

ሜሮን "ነግሬሽ ነበር" አላለችኝም። ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24

ፎቶውን ይዤ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ቢሮ ገባሁ። ሰሙኝ። አልተቆጡም። "ከስልክሽም ልትገቢ ትችያለሽ። ፎቶ የት እንደነበርሽ ነው የሚያሳየው፤ ምን እንደሠራሽ አያሳይም" አሉ። ቀጥለው "ፓስወርድሽን ሌላ ማን ያውቃል?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ሸዋንግዛውን አስጠሩት።

ገባ። እኔን ሲያይ ፈገግ አለ፣ እንደ ሁልጊዜው።

"ሸዋንግዛው፣ የዕፀገነትን ፓስወርድ ታውቃለህ?"

"እኔ?" አለ። "በፍጹም። ሰጥታኝም አታውቅም።"

"በእጄ ጽፌ ሰጥቼዎታለሁ! መጽሐፍ ቅዱስዎ ውስጥ…"

"ልጄ፣ ተጨንቀሽ ነው። በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ አላውቀውም።" ዓይኑን ከዓይኔ አልነቀለም። መሬት ቢያይ እንኳ ምናለ?

ወይዘሮ ሙሉጌጥ የፈረምኩትን ወረቀት ከፋይሌ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የሚያወራው ወረቀቱ ነው፣ እኔ አይደለሁም። ወጣሁ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ፊደል እንዳስቆጠረኝ አባት ነበር የማየው። ምን አደረግኩት? ምን?

አልገባ ያለኝ እንዲህ ነው። ለባለአክሲዮኖቹ "እኔ ሠራሁት" ለማለት ፋይሉን ከፈተ፣ ነካካ፣ ተሳሳተ። ይህ ያጋጥማል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። "ተሳሳትኩ" ቢል አብሬው አስተካክለው ነበር። ሦስቴ ተቆልፎብኛል ብሎ የሳቀ ሰው፣ አራተኛውን ለምን እኔ ላይ ጫነው?

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ውስጥ ለእሱ አንቱታ የለም።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ሄድኩ። ለምን እሸሻለሁ? ከመዘምራኑ ጋር ሳይሆን ከኋላ፣ ከእናቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። እሱ ከፊት ቆሞ በእጁ ይመራል። ያንን ባለ ዚፕ መጽሐፍ ቅዱስ ብብቱ ሥር ይዞታል። ወረቀቴ ከዚያ ውስጥ አለ? ወይስ ቀድዶ ጥሎታል? ስብከቱን አልሰማሁም፤ ዓይኔ ዚፑ ላይ ነበር። ግማሹ ላይ ተነስቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29

ኦሊያድን አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ምን እንዳልኩበት ስነግረው ቡናማ ፊቱ ጠቆረ።

"ለካ ለዚህ ነው ጋሼ ሰርቨር ክፍል እንዳትገባ ያሉኝ" አለ። "አንቺ ግን ስድስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ…"

አልጨረሰውም። እውነቱን ነው፤ እኔም ከድቼዋለሁ። ሊነሳ ሲል "ስምሽን ከማሽኑ አልሰረዙትም፤ ፕሮግራሙ በስምሽ ስለሚሠራ ማን ያዛውረው?" ብሎኝ ሄደ። እጁን ግን ሰጥቶኝ ነው የሄደው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5

አምስት ቀን ቀርቶኛል። ዛሬ የሆነውን አንድም ሳላስቀር ልጻፈው።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ደወሉ። ማሽኑ ላይ አዲስ የኔትወርክ ካርድ ጨምረውበት ኖሯል፤ ካርድ ሲጨመር የፖርቶቹ ቁጥር ይንሸራተታል፤ ገጽ ሃያ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ማንም አላነበበውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ በአሮጌው ቁጥር ሦስተኛዋን ወሰዳት። ከተማው ሁሉ ጠፍቷል።

"ልጠራሽ እንደማይገባኝ አውቃለሁ" አሉ። "ግን ክሊኒኩ ደጋግሞ ይደውላል። ስልኬን ለኦሊያድ ሰጥቼዋለሁ፣ ድምፁ ክፍት ነው። ሸዋንግዛው ኪቦርዱ ላይ ነው። በይ ምሪው።"

ስልኩን ልዘጋው ነበር። እውነቱን ልጻፍ፤ ልዘጋው ነበር። ያቺ ሕፃን የታቀፈች እናት ትዝ አለችኝ።

"እሺ" አልኩ። "ይግቡ።"

"በራሴ ስም ገብቼ ነበር፤ ፈቃድ የለህም ይላል።" የሸዋንግዛው ድምፅ ይቆራረጣል። ከኋላው ወይዘሮ ሙሉጌጥ በሌላ ስልክ አንዱን ሆቴል ሲያባብሉ ይሰማል። "በማን ስም ልግባ?"

"በእኔ።"

ከዚያ የዚፕ ድምፅ ሰማሁ። የቀጭን ወረቀት መገለጥ። ከዚያ ኪቦርዱ፣ ቀስ እያለ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። አንዴ ተሳሳተና እንደገና ጀመረ። ቆጠርኩለት፤ ሃያ ሁለት።

"ገባሁ" አለ።

ከኋላ ሲያባብል የነበረው ድምፅ ቆሟል።

መራሁት። የፖርቶቹን ዝርዝር አሳዩኝ፣ አዲሶቹን ቁጥሮች ያንብቡልኝ፣ ይህችን ለሊኑክስ ይመልሱ፣ እነዚህን ሁለቱን ያጥፉ፣ ያላቅቁ፣ ከአዲሱ ድራይቨር ጋር ያያይዙ። ሦስተኛዋን አይንኩ። ፋይሉን ያስተካክሉ። ፕሮግራሙን ያስነሱ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገርኩም። ኦሊያድ "መጣ! መጣ!" ብሎ ጮኸ። ወዲያው ሜሮን ከሆቴሏ "ተመለሰ" ብላ መልእክት ጻፈችልኝ።

ስልኩን ልዘጋ ስል የወይዘሮ ሙሉጌጥ ድምፅ ቀረበ። ስልኩን ከኦሊያድ ተቀብለው መሆን አለበት።

"ዕፀገነት፣ ይህ ወረቀት በእጄ ነው። የአንቺ እጅ ጽሕፈት ነው አይደል?"

"ሃያ ሁለት ፊደል ከሆነ የእኔ ነው።"

"መቼ ነው የሰጠሽው?"

የማሽኑ ማራገቢያ ብቻ ይሰማል።

"ሐምሌ 3፣ ሐሙስ" አልኩ። "ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። በእኛ አቆጣጠር።"